የኬሞቴራፒ ታካሚን ከጎን አልጋ ሳል እንዴት እንጠብቀው?

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ለደም ካንሰር ሆስፒታል ተኝቶ ኬሞቴራፒ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ነጭ የደም ሴሉ በጣም ወርዷል ተብለናል። ክፍሉ አራት አልጋ አለው። ከትናንት ጀምሮ አጠገቡ የተኛው ሰው ያስላል። ነርሶቹ መስኮት ይከፍታሉ፣ እኛ ደግሞ ብርድ እንዳይመታው ብለን እንዘጋለን። ቀኑን ሙሉ ጭንብል ያድርግ? ጠያቂ ጨርሶ እንከልክል? ጓንት አድርገን ብንገባስ?

ምላሽ፦

አባትዎን ይማርልዎ። ከጻፉት ውስጥ ከሁሉ የሚያስቸኩለው «ከትናንት ጀምሮ» ያሉት ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

የጎረቤታቸው ሳል አዲስ ከሆነ፣ ማለትም ሲተኙ ይዘውት የመጡት ካልሆነ፣ ዛሬውኑ ለክፍሉ ነርስ ይናገሩ። ነርሷ አልሰማችውም ማለቴ አይደለም። ሥራ በሚበዛበት ክፍል ግን እያንዳንዱ ታካሚ የሚታየው በራሱ ፋይል ነው፤ የ3ኛው አልጋ ሳል ለ4ኛው አልጋ አደጋ መሆኑ ትዝ የሚለው አንድ ሰው ሁለቱን ሲያገናኛቸው ነው። «አባቴ ነጭ የደም ሴሉ በጣም ወርዷል፤ አጠገቡ ያሉት ሰው ከትናንት ጀምሮ አዲስ ሳል ይዟቸዋል። ይመርመሩልን፤ እስከዚያው አባቴን ወደ ሌላ ክፍል ብታዛውሩልን» ቢሉ ይበቃል። ባዶ ክፍል ከሌለ ደግሞ የሚያስሉት ሰው ጭንብል እንዲያደርጉ፣ አልጋዎቹ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቢቻል ሁለት ሜትር እንዲራራቁ፣ በመካከላቸውም መጋረጃ እንዲሳብ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ እኚያም ሰው ታመው የተኙ ናቸው፣ የሚባለውንም ይሰማሉ።

ነገሩ ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ አንድ የሚያናድድ ጠባይ አለው። ሰው ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ ሳሉ የተሰማው ትናንት ቢሆንም አባትዎ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተጋልጠው ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያወጣ ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጅበታል። ክፍል ቢቀየርላቸውም እንኳ የሚቀጥሉትን አራት አምስት ቀናት ዓይንዎን ከእሳቸው እንዳይነቅሉ።

ምን ይመልከቱ? ነጭ የደም ሴል ወረደ ሲባል በተለይ የምናየው ኒውትሮፊል የሚባለውን፣ ባክቴሪያና ሻጋታ የሚዋጋውን ዓይነት ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 ሲያንስ አደገኛ ደረጃ ላይ ደርሷል እንላለን። ከብዙዎቹ የኬሞቴራፒ ዓይነቶች በኋላ ቁጥሩ በጣም የሚያሽቆለቁለው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በደም ካንሰር ሕመሙም ሕክምናውም መቅኒውን ስለሚነካ ዝቅታው ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ለአስታማሚዎች ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ነገር አለ። መግል በአብዛኛው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምችት ነው። ኒውትሮፊል የሌለው ሰው የሳንባ ምች ይዞት ወፍራም አክታ ላይኖረው ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን የተነሣው የደረት ራጅም ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። «ሳሉ ደረቅ ነው፣ አክታ የለውም፣ ቀላል ነው» የሚለው የተለመደ ግምት እዚህ አይሠራም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ነው።

ሙቀታቸው አንድ ጊዜ 38.3 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም 38.0 ደርሶ ለአንድ ሰዓት ያህል ካልወረደ፣ ሌሊትም ቢሆን ነርስ ይቀስቅሱ። እንዲህ ባለ ታካሚ ላይ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ጠዋት ሐኪሙ ሲዞር እንነግረዋለን የሚባል ነገር አይደለም። በቦርሳ የያዙትን ፓራሲታሞል ሙቀቱ ሳይለካና ሳይመዘገብ አይስጡ፤ ምልክቱን ያጠፋዋል። ስቴሮይድ የሚወስዱ ከሆነ ትኩሳቱ ጨርሶ ሊደበቅ ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ መፍዘዝ ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከትኩሳት ሊቀድም ይችላል። ትንፋሽ መቁጠር ባለሙያ አይጠይቅም። ዕረፍት ላይ ሳሉ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ20 ካለፈ ይናገሩ። እየቆጠሩ መሆንዎን ግን አይንገሯቸው፤ ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል።

ወደ መስኮቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ከነርሶቹ ጋር ነኝ። ብርድ ቫይረስ አይፈጥርም። በቀዝቃዛ ወቅት ሰው በብዛት የሚታመመው ዘግቶ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥና ቀዝቃዛ ደረቅ አየር እንደ ኢንፍሉዌንዛ ላሉ ቫይረሶች ስለሚመች ነው። አባትዎ ከበረዳቸው ብርድ ልብስ ይደረብላቸው፤ ካልሲና ኮፍያ ያድርጉላቸው፣ ኬሞቴራፒ ፀጉር ካረገፈ በኋላ ጭንቅላት ክፉኛ ይበርዳል። ነፋሱ ፊት ለፊት እንዳይመታቸውም የአልጋው አቅጣጫ ይቀየር። መስኮቱ ግን ይከፈት።

ሰው ሲያስል ብቻ ሳይሆን ሲያወራም፣ ዝም ብሎ ሲተነፍስም የተለያየ መጠን ያላቸው ብናኞችን ያወጣል። ትላልቆቹ ሩቅ ሳይሄዱ ይወድቃሉ። ትናንሾቹ እንደ ሲጋራ ጭስ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ማዶ ሆኖ የሚያጨስ ሰው ጭሱ እርስዎ ጋ የሚደርስበት ክፍል ውስጥ ትንፋሹም ይደርስብዎታል። ለብዙ ዘመን በአየር መተላለፍን ለቲቢና ለኩፍኝ፣ ትላልቆቹን ጠብታዎች ደግሞ ለኢንፍሉዌንዛና ለጉንፋን አከፋፍለን ስናስተምር ኖረናል። ያ አጥር ከኮቪድ በኋላ ፈርሷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም በአንድ ስያሜ አጠቃሎ ማየት ጀምሯል።

ማስረጃው ግን ከዚያ በጣም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ባልቲሞር፣ አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ከቲቢ ታካሚዎች ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ስበው ጣሪያ ላይ ወደተቀመጡ ጊኒ ፒጎች አደረሱት። እንስሳቱ ታካሚዎቹን አላዩም፣ አልነኩም፤ የተጋሩት አየር ብቻ ነበር። በቲቢ ተያዙ። ያው አየር በአልትራቫዮሌት ብርሃን ውስጥ ካለፈ በኋላ የደረሳቸው ሌሎቹ ግን አልተያዙም። ከዚህ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ አብዛኛውን በሽታ ያስተላለፉት ጥቂት ታካሚዎች መሆናቸው ነው። ተገቢውን መድኃኒት የጀመሩት ብዙም አላስተላለፉም፤ ምርመራን ማፋጠን ራሱ መከላከያ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

መስኮት ምን ያህል ይረዳል ለሚለው ደስ የሚል ልኬት አለ። ፔሩ፣ ሊማ ውስጥ በስምንት ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየር ነበር። ለአደገኛ ክፍሎች በመሣሪያ እንዲሟላ የሚመከረው 12 ጊዜ ነው። ሁሉም ነገር ሲዘጋ ቁጥሩ ወደ አሥራ ስምንተኛ እጅ ወረደ። ከዚያ የሚያስገርመው ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው የሰፋ ሕንፃዎች ወደ 40 ሲጠጉ፣ በመስኮት የሚተነፍሱት አዳዲሶቹ 17 ላይ መቅረታቸው ነው። አያቶቻችን የገነቧቸውን ክፍሎች ጣሪያ ዝቅ አድርገን፣ መስኮት አጥብበን «አዘመንናቸው»።

ይህ ቁጥር ወደ ደቂቃ ሲተረጎም እንዲህ ነው። አየሩ በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ በሚቀየርበት ክፍል ውስጥ፣ የሚያስለው ሰው ከወጣ በኋላ 99 ከመቶው ብናኝ እስኪጠፋ 138 ደቂቃ ይፈጃል። 6 ጊዜ ሲሆን 46 ደቂቃ፣ 12 ጊዜ ሲሆን 23 ደቂቃ። ሰውየው እዚያው ተኝቶ እያሳለ ከሆነ ደግሞ ብናኙ ጨርሶ አይጠፋም፤ አየሩ በተቀየረ መጠን ግን ክምችቱ እየሳሳ ይሄዳል። ሲመሽ ሙሉ ለሙሉ ከመዝጋት ሁለት መስኮት በጥቂቱ ክፍት ማሳደር ይሻላል፤ ከተቻለም ፊት ለፊት የሚተያዩትን፣ አየሩ ገብቶ እንዲወጣ።

ነገር ግን መስኮት የማይከፈትባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ አባትዎን በቀጥታ ሊመለከቱ ስለሚችሉ ልብ ይበሉ። ኒውትሮፊሉ ለሳምንታት የወረደ ሰው ከሰው ከሚመጣ ቫይረስ ሌላ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ያሰጋዋል። የሻጋታው ዘር አፈርና አቧራ ውስጥ ይኖራል፤ ግድግዳ ሲፈርስ፣ መሬት ሲቆፈር፣ የጣሪያ ሰሌዳ ሲነሣ በብዛት ይበናል። በመስኮቱ ሥር ግንባታ ካለ ወይም ኮሪደሩ እየታደሰ ከሆነ መስኮቱን ይዝጉ፣ ክፍል እንዲቀየርላቸውም ጠንከር ብለው ይጠይቁ። ከሌላ ሰው መቅኒ ለተተከለላቸው ሕሙማን የሚዘጋጀው ልዩ ክፍልም መስኮቱ የታሸገ ነው። የሚገባው አየር ሄፓ በሚባል፣ ጥቃቅን ብናኝ በሚያስቀር ማጣሪያ ያልፋል፤ በሩ ሲከፈት አየሩ ወደ ውጭ እንዲገፋ እንጂ የኮሪደሩ አየር እንዳይገባ ተደርጎ ነው የሚሠራው። የቲቢ ወይም የኩፍኝ ታካሚ የሚተኛበት ክፍል የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አየር ከኮሪደር ወደ ውስጥ እንጂ ከውስጥ ወደ ኮሪደር መውጣት የለበትም። ሁለቱን ማምታታት ትልቅ አደጋ ነው። አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ከፈለጉ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ስስ የሶፍት ቁራጭ ከሥሩ ክፍተት አጠገብ አንጠልጥለው ይያዙ፤ ቁራጩ የሚያዘነብለው አየሩ ወደሚሄድበት ነው። አባትዎ ባሉበት መደበኛ ክፍል ሶፍቱ ሁልጊዜ ከኮሪደር ወደ ውስጥ ካዘነበለና ኮሪደሩ በሚያስሉ ተመላላሽ ታካሚዎች የተሞላ ከሆነ፣ በሩን ዘግቶ የውጩን መስኮት መክፈት ይሻላል።

መስኮቱ የማይከፈት ከሆነ፣ ተንቀሳቃሽ የሄፓ አየር ማጣሪያ ለክፍሉ ስፋት ከተመጠነና በሚያስለው ሰው በኩል ከተቀመጠ በእርግጥ ይረዳል። አየሩን እዚያው የሚያሽከረክር ተራ ማራገቢያ ግን ብናኙን ከአንድ አልጋ ወደ ሌላው ያደርሳል እንጂ አያወጣውም።

ጭንብልን በተመለከተ አጭሩ መልስ፦ አባትዎ ቀኑን ሙሉ ማድረግ የለባቸውም። ደካማ ሰው፣ አፉ በኬሞቴራፒ የቆሰለ፣ ምናልባትም ኦክስጅን የተደረገለት ሰው ጭንብሉን ሃያ ጊዜ እያወለቀ ሃያ ጊዜ በእጁ ፊቱን ይነካል። እሳቸው የሚያስፈልጋቸው ከክፍሉ ሲወጡ ነው፤ ወደ ራጅ ክፍል ሲሄዱ፣ ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ሊፍት ውስጥ። ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ክፍሉን በጥንቃቄ ይዘን ቆይተን ታካሚውን በተሽከርካሪ ወንበር ለአርባ ደቂቃ ከሚያስሉ ሰዎች መሃል እናቆመዋለን። ራጅ ክፍሉ ዝግጁ ሲሆን እንዲጠሯቸው መጠየቅ ይችላሉ።

ክፍሉ ውስጥ ጭንብል ማድረግ ያለባቸው ከሁሉ በፊት የሚያስሉት ሰው፣ ቀጥሎ እርስዎና ወደ አልጋው የሚጠጋ ማንም ሰው ነው። ቫይረስ ከምንጩ ላይ መያዝ አየር ላይ ከተበተነ በኋላ ከማሳደድ ይቀላል። ለዚህ ተራ የሕክምና ጭንብል ይበቃል፤ አፍንጫን የሸፈነ፣ ብረቱ የተጫነ፣ አገጭ ላይ የማይንጠለጠል። ሲርስ ይቀየር። ኤን 95 የሚባለው በደንብ ሲገጥም ቢያንስ 95 ከመቶ ብናኝ ያስቀራል፤ ቁልፉ መግጠሙ ላይ ነው፤ ጢም ያለው ሰው ላይ በጎን ያስገባል። ፊቱ ላይ የትንፋሽ መውጫ ቫልቭ ያለውን ዓይነት ይዘው ወደ አባትዎ አይጠጉ፤ እርስዎን ይጠብቃል፣ የእርስዎን ትንፋሽ ግን ሳያጣራ በቫልቩ ይለቀዋል።

ጠያቂ ጨርሶ ይከልከል? አይከልከል። ብቻውን ከሰዎች ተለይቶ የተኛ አዛውንት ይተክዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ ሌሊት ግራ ይጋባል፤ ከአልጋ የማይነሣና የማይበላ ሰው ደግሞ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ሁለት ቋሚ አስታማሚዎችን ይምረጡና ይፈራረቁ፤ የቀረው ዘመድ በስልክ ይጠይቅ። ለእነዚያ ሁለት ሰዎች ግን ሕጉ ድርድር የለውም። «ትንሽ ጉንፋን ናት፣ ጭንብል አደርጋለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሙያዬ ከምፈራቸው ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ላይ የአፍንጫ ፈሳሽ ብቻ የሚያመጡት አርኤስቪ፣ ራይኖቫይረስና ፓራኢንፍሉዌንዛ የተባሉ ቫይረሶች የደም ካንሰር ታካሚ ላይ ወደ ሳንባ ይወርዳሉ፣ ይገድላሉም። ጉሮሮዎ ከከረከረ ይቅሩ፣ ሌላው ይተካዎት። ለመመለስ ትኩሳቱ ጠፋ ተብሎ በማግሥቱ አይደለም፤ በእኔ አስተያየት እንዲህ ላለ ታካሚ አስታማሚ ምልክቱ ከጀመረ 7 ቀን እስኪሞላ ወይም ምልክቱ ጨርሶ እስኪጠፋ፣ ከሁለቱ የዘገየውን፣ መጠበቅ አለበት። ሕፃናትን ለጊዜው አያምጡ። አያታቸውን ስለማይወዱ አይደለም፤ ሕፃናት የመተንፈሻ ቫይረሶችን ከአዋቂ ለረዘመ ጊዜ ያስተላልፋሉ፣ ጭንብልም አያደርጉም።

ይኸው ጥንቃቄ ነጭ ጋዋን ለለበሰውም ይሠራል። ሐኪምና ነርስ ታመው ሥራ መግባታቸው የታወቀ ችግር ነው፤ ተተኪ ስለሌለ፣ ደመወዝ ስለሚቆረጥ፣ ወይም መቅረት እንደ ስንፍና ስለሚታይ። ይህን የምለው ለሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ነው፦ የታመመ ሠራተኛ ሳይቀጣ እንዲቀር ካልተፈቀደ በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የጥንቃቄ ማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ አፍንጫዋን የምትጠርግ ነርስ ስታገኙ «ጭንብል ቢያደርጉልን» ለማለት አይፈሩ። በትሕትና ከተባለ የሚቆጣ ባለሙያ ጥቂት ነው።

ክትባት ላይ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። መከላከያ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራበት አቅም ተዳክሟል። ስለዚህ የአባትዎ ክትባት በዙሪያቸው ባለው ሰው ክንድ ላይ ይወጋል፤ እርስዎ፣ ተተኪዎ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ ክትባት ይውሰዱ። ለመሥራት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ዛሬ የተወጉት ለነገ አይደለም። በአፍንጫ የሚነፋው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስላለው መርፌውን ይምረጡ። አባትዎ ራሳቸው ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት አይወስዱም፤ የኢንፍሉዌንዛውን፣ የኒሞኮከስን (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው) እና እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ለአዛውንቶች የተፈቀደውን የአርኤስቪ ክትባት መቼ እንደሚወስዱ ግን የካንሰር ሐኪማቸው ከኬሞቴራፒው ዙር ጋር አስተያይቶ ይወስናል።

ጓንት። አይግዙ። እጅ ላይ ያለው አርኤስቪ ጓንት ላይም ይቆያል፤ ልዩነቱ ጓንት ያደረገ ሰው ንጹሕ የሆነ ስለሚመስለው የአልጋ ብረት፣ የበር እጀታና የታካሚ ፊት በዚያው ጓንት መንካቱ ነው። የእጅን ጉዳይ ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የታተመ ትንሽ ሙከራ ይመስለኛል። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ አርኤስቪ የያዛቸውን ሕፃናት አቅፈው ተንከባከቡ፤ ከ7ቱ 5ቱ ተያዙ። ሁለተኛዎቹ ሕፃኑ በሌለበት አልጋውንና ዕቃውን ነክተው ከዚያ ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን አሹ፤ ከ10ሩ 4ቱ ተያዙ። ሦስተኛዎቹ ከሕፃኑ ከሁለት ሜትር ገደማ ርቀው ተቀመጡ፤ ከ14ቱ አንድም አልተያዘም። እንግዲህ ሁሉም ቫይረስ መንገዱ አንድ አይደለም፤ መስኮት የማይመልሰውን እጅ መታጠብ ይመልሰዋል።

በአልኮል ሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ በውኃና ሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፤ አውራ ጣትና የጣት ጫፎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ወደ አባትዎ ከመጠጋትዎ በፊትም፣ ከእሳቸው ሲለዩም። እና ስልኩ! ዘመድ ደውሎ «እስቲ አገናኙኝ» ሲል፣ ሦስት ሰው ያወራበትን ስልክ አባትዎ አፍና ጉንጭ ላይ እንለጥፋለን። ለእሳቸው የራሳቸው ስልክ ይኑራቸው፣ በየቀኑ በአልኮል ይወልወል፣ ወይም ድምፁን ከፍ አድርገው ከሩቅ ያናግሯቸው።

እስካሁን ስለ ጎረቤት አወራን። ሆስፒታል ውስጥ ከሚያዘው የሳንባ ምች ብዙው ግን ከጎረቤት አይመጣም፤ ታካሚው በራሱ አፍ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በእንቅልፍ ወይም በምግብ ሰዓት ወደ ሳንባው ሲስበው ነው። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ የጥርስ ብሩሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የብዙ ሙከራዎች ድምር ትንተና፣ ጥርስ በየቀኑ መቦረሽ ሆስፒታል ውስጥ የሚያዝ የሳንባ ምችን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው የመተንፈሻ መሣሪያ በተደረገላቸው ሕሙማን ላይ ነው። ይህን ያህል የሚሠራና ይህን ያህል የሚናቅ ሌላ ነገር አላውቅም። አባትዎ ፕላትሌታቸውም (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በጣም ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ድድ ከደማ ነርሷን በምን እንደሚያጸዱ ይጠይቁ። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ በአንድ ወቅት ለመተንፈሻ መሣሪያ ታካሚዎች ሁሉ ይታዘዝ ነበር፤ ጥቅሙ አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘና ጉዳት ሊኖረው ይችላል ስለተባለ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካ ባለሙያዎች መመሪያ ትቶታል።

ሲበሉና ሲጠጡ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ከበሉ በኋላም ወዲያው አይጋደሙ። ቀን ቀን ከአልጋ ወርደው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ አቅም ካላቸው ክፍሉ ውስጥ ይራመዱ፤ በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ። በጭጋግ የሚተነፈስ መድኃኒት ከታዘዘላቸው በኔቡላይዘሩ ውስጥ የቧንቧ ውኃ እንዳይገባ፣ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በዚያ መንገድ ቀጥታ ሳንባ ይገባልና፤ ከጀርም ንጹሕ የተደረገ፣ ለሕክምና የታሸገ ውኃ ብቻ። አበባ ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ካለ አበባውን ቤት ያስቀምጥላቸው፤ የማስቀመጫው ውኃና አፈሩ የባክቴሪያና የሻጋታ መኖሪያ ነው። ክፍሉን በክሎሪን የሚረጩ ሰዎች ካዩ ያስቁሟቸው። ሰው ባለበት ክፍል ኬሚካል መርጨት የደከመ ሳንባ ያቃጥላል፤ ዕቃ በጨርቅ ይወለወላል እንጂ አይረጭም።

የጎረቤታቸው ምርመራ ውጤት ሲመጣ ይጠይቁ። የሰውን ሕመም ስም የማወቅ መብት ባይኖርዎትም፣ አባትዎ በምን እንደተጋለጡ ሐኪማቸው ማወቅ አለበት። ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ ኦሴልታሚቪር የሚባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ከመታመማቸው በፊት እንደ መከላከያ ሊሰጣቸው ይችላል፤ የሚረዳው ከተጋለጡ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ ጉዳዩ በዕለቱ ይነሣ። ምልክት ካሳዩ ደግሞ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል። ኮቪድ ከሆነ ቶሎ የሚጀመሩ ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች አሉ፤ ሪቶናቪር የሚባል መድኃኒት የተቀላቀለበት ግን ከብዙ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ የሚወስዱትን ሁሉ ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ።

ቲቢ ሆኖ ከተገኘ መደናገጥ አያስፈልግም፣ መርሳት ግን አይቻልም። ከተጋለጡ በኋላ ሕመሙ ለመውጣት ሳምንታት፣ ወራት፣ ዓመታትም ሊፈጅበት ይችላል፤ መከላከያ አቅሙ የወረደ ሰው ላይ የቆዳውም የደሙም ምርመራ በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል። የመከላከያ መድኃኒት ይጀመር አይጀመር የሚለውን ሐኪማቸው ይወስናል። እርስዎ የተጋለጡበት ቀንና አጠገብ ለአጠገብ የተኙበት ጊዜ በአባትዎ ፋይል ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፣ ቅጂውንም ይያዙ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሳል ቢጀምራቸው የሚያያቸው ሐኪም ሌላ ሊሆን ይችላል።